«ጋሼ፣ የት ላቁመው?»
ስለ አማራጭ የግል መጓጓዣ፣ ስለ መንገድ መጨናነቅና ስለ ጭነት

በዋሽንግተን ዲሲ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ከነዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ከጊዜ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ የታክሲውን መብራት ከጣሪያው ላይ አውርጄ በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ ወደሚያመላልሰው ሥራ ገባሁ። መንገድ ላይ የሚውል ሰው ስለ መንገድ ብዙ ያወራል፤ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እኔን ቁጭ ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የአገሬ ልጅ ነው።

ጊዜው ጠዋት ነው። የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በሚገኙበት በዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ፣ ለጭነት ማራገፊያ በተከለለ ቦታ ላይ መኪናዬን አቁሜ ጥሪ እጠብቃለሁ። «ለአምስት ደቂቃ ምን ችግር አለው?» በሚል ነው። ጥሪው መጣ፣ ተሳፋሪዋም ገባች። ልወጣ ስል ግን አንድ ነጭ ቫን መብራቱን እያብለጨለጨ መንገዱ መሐል ቆሞ መውጫ ከልክሎኛል። ከኋላው አውቶቡስ ቆሟል፤ ከአውቶቡሱ ኋላ የመኪና ሰልፍ ተያይዟል፤ ብስክሌተኞች ደግሞ ከመስመራቸው ወጥተው በመኪኖቹ መሐል ይሹለከለካሉ። ወርጄ ጮኽኩ። ሾፌሩ ባዶ እጁን ከሱቁ ብቅ አለ፤ ወጣት ሐበሻ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ «ይቅርታ ጋሼ፤ ግን የት ላቁመው? የእኔን ቦታ የያዙት እኮ እርስዎ ነዎት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያራግፍ የነበረው እንጀራ ነው። እንደምታውቁት አዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን ደለስ እየደረሰ በየሱቁ ይታደላል። ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በአየር የመጣው ጭነት የመጨረሻዋን 20 ሜትር የሚሻገርበት ቦታ አጣ። ቦታውን ያሳጣሁትም እኔ ነኝ፤ ማታ ያንኑ እንጀራ ገዝቼ የምበላው ሰው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሳነብ፣ ያየሁትንም ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ከመኪና ውጭ ያለው የግል መጓጓዣ፣ ማለትም ብስክሌቱ፣ የኤሌክትሪክ ስኩተሩ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ባጃጁ፣ እንዲሁም በስልክ የሚጠራው መኪና የከተማን መንገድ ያቃልላል ወይስ ያጨናንቃል? የጭነትን ሥራስ ምን ያደርገዋል? አዲስ አበባ ይህንኑ ጥያቄ በራሷ መንገድ እየመለሰች ስለሆነ፣ እዚህ የተከፈለበትን ትምህርት ለወገን ማካፈል ተገቢ መሰለኝ።

መንገድ የሚለካው በምንድን ነው?

አብዛኞቻችን መንገድን የምንለካው በሚያሳልፈው መኪና ብዛት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መንገድ የተሠራው ሰውና ዕቃ እንዲያልፍበት ነውና መለኪያውም ሰውና ዕቃ ሊሆን ይገባል።

የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ያወጣው የታወቀ ስሌት አለ። ስፋቱ ሦስት ሜትር ያህል የሆነ አንድ የመንገድ መስመር ለመኪና ቢሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢሰጥ ከ4,000 እስከ 8,000፣ ለብስክሌት ቢሰጥ 7,500፣ ለእግረኛ ቢሰጥ ደግሞ 9,000 ሰው ያሳልፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻውን በመኪና ሲሄድ ከራሱ ጋር አንድ ቶን ከግማሽ የሚያህል ብረት ይዞ ይሄዳል። ብረቱ ሲሄድም ቦታ ይፈልጋል፣ ሲቆምም ቦታ ይፈልጋል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሰው ሁሉ ከመኪና ወርዶ ብስክሌት ላይ ቢወጣ ችግሩ ይፈታል» ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በመሐል ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ አዲሱን መጓጓዣ የያዘው ሰው ቀድሞ በምን ይሄድ ነበር? ሁለተኛው፣ የተለቀቀውን ቦታ ማን ይወስደዋል? የሚሉት ናቸው።

ማን ከምን ላይ ወረደ?

በስልክ የሚጠራው መኪና ወደ ዋሽንግተን የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ይሰጠን የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። «ሰው የራሱን መኪና ትቶ በጋራ መኪና ይሄዳል፤ ከተማውም ይተነፍሳል» ተብሎ ነበር። እኛ ታክሲ ነጂዎቹ የተቃወምነው ስለ እንጀራችን ነው፤ ስለ መጨናነቁ ማንም አልጠየቀንም።

ውጤቱ ምን ሆነ? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በእነዚህ መኪኖች ከሚደረገው ጉዞ ከ49 እስከ 61 በመቶ የሚሆነው አገልግሎቱ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ የማይደረግ፣ ወይም በእግር፣ በብስክሌት አለዚያም በሕዝብ ማመላለሻ የሚደረግ ጉዞ ነበር። ይህ ማለት ብዙው ተሳፋሪ የመጣው ከራሱ መኪና ላይ ወርዶ ሳይሆን ከአውቶቡስና ከእግረኛ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሳንፍራንሲስኮ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2010 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በሥራ ቀናት በመጨናነቅ የሚባክነው ሰዓት በ62 በመቶ ማደጉን፣ እነዚህ መኪኖች ባይኖሩ ግን ጭማሪው 22 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር አስልቷል።

እኔ ይህን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። ከምነዳው ማይል ውስጥ ሰው ይዤ የምነዳው ምን ያህሉ እንደሆነ አውቃለሁና። ሁለቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ራሳቸው ያስጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ጥናት በስድስት የአሜሪካ ከተሞች አካባቢ ተሳፋሪ ተይዞ የሚነዳው ከ54 እስከ 62 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የቀረው ጥሪ ፍለጋ የሚዞሩበትና ወደ ተሳፋሪው የሚሄዱበት ነው። በዚያው ጥናት መሠረት በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከሚነዳው ማይል ሁሉ ሰባት በመቶ ያህሉ የእነዚህ መኪኖች ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞልቶ ጠርዙ ላይ በደረሰ ብርጭቆ ላይ የምትጨመር ጠብታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ብስክሌቱና ስኩተሩ በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከፊል ተጠቃሚያቸውን የሚያገኙት ከእግረኛው ነው፤ ሆኖም የሚይዙት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ጉዳታቸው ለጎዳናው ያን ያህል አይከፋም። የእነሱ ችግር አቀማመጣቸው ነው። ፓሪስ የኪራይ ስኩተሮች የእግረኛውን መንገድ ስለሞሉባት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ነዋሪዎቿን ድምፅ አስጠች። ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶው «ይውጡልን» አሉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ከመጥባቱ በፊትም ወጡ። ለድምፅ የወጣው ሕዝብ ግን ከ8 በመቶ ያነሰ ነበር። አንድ መጓጓዣ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የማቆሚያ ሥርዓት ስላልተበጀለት ብቻ ሊባረር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የተለቀቀውን ቦታ ማን ይወስዳል?

አንቶኒ ዳውንስ የተባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ መንገድ መጨናነቅ አንድ ሕግ ጻፉ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በተጨናነቀ ሰዓት አንድ መንገድ ትንሽ ፈታ ቢል፣ ቀድሞ ሌላ መንገድ ይጠቀም የነበረው፣ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው፣ በባቡር ይሄድ የነበረው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፤ መንገዱም ተመልሶ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዱራንተንና ተርነር የተባሉ ሁለት ምሁራን የአሜሪካን ከተሞች አጥንተው፣ አውራ ጎዳና በተጨመረ መጠን የሚነዳውም ማይል በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ታዲያ በእኛ ጉዳይ ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ሺህ ሰው ከመኪና ወርዶ ብስክሌት ቢይዝ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ሌላ አንድ ሺህ መኪና ይወስደዋል ማለት ነው። ብስክሌተኛው ተጠቅሟል፤ አዲሱ ባለ መኪናም ተጠቅሟል፤ መጨናነቁ ግን እንዳለ ነው። ትርፉ ለጭነቱ እንዲተርፍ ከተፈለገ የተለቀቀው ቦታ ለአውቶቡስ፣ ለብስክሌት ወይም ለማራገፊያ ተብሎ መያዝ አለበት፤ አለዚያም ለሚገባው መኪና ዋጋ ሊወጣለት ይገባል።

ዋጋ ማውጣቱን ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003፣ ስቶክሆልም በ2006 በሙከራ፣ በ2007 ደግሞ በቋሚነት ጀምረውታል። በስቶክሆልም ወደ መሐል ከተማ የሚገባው መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኒው ዮርክም ብዙ ከተከራከረች በኋላ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025 ከ60ኛው ጎዳና በታች ለሚገባ መኪና በቀን 9 ዶላር ማስከፈል ጀመረች፤ ለጭነት መኪና እንደ መጠኑ 14 ዶላር ከ40 ሳንቲም ወይም 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም። የጭነት ባለቤቶች ማጉረምረማቸው አልቀረም። ነገር ግን ስሌቱን አስቡት፦ አንድ የጭነት መኪና በቀን አንድ ጊዜ 21 ዶላር ከፍሎ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በሰልፍ ውስጥ የሚያባክኑትን አንድ ሰዓት ቢያተርፍ፣ የተረፈው ደመወዝ ብቻውን ክፍያውን ይሸፍናል። መጨናነቅ ነፃ መስሎ የሚታየን ሒሳቡ በደረሰኝ ስለማይመጣ ነው፤ በሽንኩርቱና በእንጀራው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይመጣል።

የጭነት ችግር መሄድ ሳይሆን መቆም ነው

ያ ወጣት «የት ላቁመው?» ሲለኝ የነካው የጉዳዩን እምብርት ነው። ከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ መኪና ብዙ ሰዓቱን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፤ ሾፌሩ ያወርዳል፣ ይሸከማል፣ ፎቅ ይወጣል፣ ያስፈርማል። ስለዚህ ለእሱ ከመንገዱ ስፋት ይልቅ የመንገዱ ጠርዝ ይበልጥበታል።

ያ ጠርዝ ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ ባለጉዳይ በዝቶበታል። ቀድሞ የቆመ መኪና፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና ብቻ ነበሩ። ዛሬ የብስክሌት መስመር፣ የኪራይ ብስክሌት ጣቢያ፣ የስኩተር ማቆሚያ፣ የምግብ ቤት ጠረጴዛ፣ ጥሪ የሚጠብቀው እኔና መሰሎቼ ሁሉ ተጨምረናል። በዚያ ላይ ሰው ሱቅ መሄድ ትቶ ዕቃውን ወደ ቤቱ ያስመጣል። አንድ ቫን በአንድ ዙር የመቶ ቤት ዕቃ ቢያደርስ መቶ ሰው በየመኪናው ገበያ ከሚወጣ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ለአንድ ሳህን ምግብ አንድ መኪና ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

ከሁሉ የሚከፋው መንገድ መሐል መቆም ነው። አንድ ቫን ለአሥር ደቂቃ አንድ መስመር ቢዘጋ፣ ሁለት መስመር ባለው መንገድ ላይ የመንገዱን ግማሽ አቅም ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት የማራገፊያ ቦታን የያዘች ትንሽ የግል መኪና አንድ ሙሉ የመንገድ መስመር ታዘጋለች። እኔ በዚያ ጠዋት ያደረግሁት ይህንን ነው።

ዶናልድ ሹፕ የተባሉት ፕሮፌሰር ዕድሜያቸውን በሙሉ ስለ መኪና ማቆሚያ ሲጽፉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2025 አርፈዋል። በሎስ አንጀለስ ዌስትውድ በሚባል ሠፈር፣ 15 ብሎክ ብቻ በሚሆን ቦታ ላይ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ በዓመት 950 ሺህ ማይል ያህል እንደሚነዳ አስልተዋል። መፍትሔያቸው ጠርዙ ዋጋ ይኑረው፣ ሁልጊዜም አንድ ሁለት ባዶ ቦታ እንዲገኝ ሆኖ ይተመን የሚል ነበር። ዋሽንግተንም በጥቅምት 2017 በዱፖንት ሰርክል አካባቢ በሳምንት መጨረሻ ሌሊቶች ጠርዙን ከቆመ መኪና ነፃ አድርጋ ለመሳፈሪያና ለመውረጃ ብቻ ሰጥታ ሞክራዋለች፤ ከዚያ በኋላም ወደ ሌሎች ቦታዎች አስፋፍታዋለች። ለእኔ መሰሉ ሾፌር የራሱ ቦታ ሲሰጠው የቫኑን ቦታ አይቀማም።

ብስክሌት ራሱ ጭነት ሲጭን

አንድ የማይረሳ ነገር ልጨምር። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ከሆኑት የዕቃ አድራሽ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዩፒኤስ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲያትል ውስጥ ሲጀመር፣ ልጆች በእግርና በብስክሌት መልእክት የሚያደርሱበት ትንሽ ድርጅት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2024 ስፋታቸው እስከ 48 ኢንች የሆነ የኤሌክትሪክ የጭነት ብስክሌቶች በመንገዷ ላይ እንዲሠሩ ፈቅዳለች፤ ቀድሞ የሚፈቀደው 36 ኢንች ነበር። የጭነት ብስክሌት ከቫን ያነሰ ይጭናል። ነገር ግን በር ላይ ይቆማል፣ ሰልፍ አይጠብቅም፣ መስመርም አይዘጋም። ትልቁ መኪና ሠፈሩ ዳር ካለች ትንሽ መጋዘን ያራግፋል፤ ከዚያ ብስክሌቱ በየበሩ ያደርሳል።

ይህም ቢሆን ጣጣ አለው። በኒው ዮርክ ምግብ የሚያደርሱት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በኤሌክትሪክ ብስክሌት ይሠራሉ። ርካሽ ባትሪ በጠባብ ቤት ውስጥ ሲሞላ በሚነሣ እሳት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 18 ሰው በዚያች ከተማ ሞቷል። ፍጥነቱን የሚሸጠው ኩባንያ ነው፤ አደጋውን የሚሸከመው ግን ብስክሌተኛው ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ

በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ከቀረውም የሚበዛው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው። የግል መኪና ያለው ጥቂት ሰው ሆኖ ሳለ መንገዱን የሞላው ግን እሱ ነው። ስለዚህ እዚያ «አማራጭ መጓጓዣ» የምንለው ለብዙኃኑ ዋናው መጓጓዣ ነው፤ አማራጩ መኪናው ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ወንጀል በዝቷል በማለት፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። በዚያው ሰሞን ትላልቅ የጭነት መኪኖች በቀን እንዳይገቡ ገደብ ተጣለ። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባጃጆች ታግደው ብዙም ሳይቆይ በተወሰኑ ቦታዎች እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። የወንጀሉ ሥጋት እውነተኛ ነበር፤ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብም የጭነት መኪናን በቀን ከመንገዱ ማስወጣቱን ባይጠላ አይፈረድበትም።

ሆኖም ሒሳቡን እንሥራ። ከጅቡቲ የመጣ አሥር ቶን ጭነት በአንድ መኪና መርካቶ መግባት ባይችል ዕቃው አይቀርም። ወይ ሌሊት ይገባል፣ ወይ በትናንሽ መኪና ተከፋፍሎ ቀን ይገባል። ሌሊት ለመግባት መጋዘኑ ሌሊት መከፈት፣ ተሸካሚው ሌሊት መገኘት፣ መንገዱም ጸጥታ ሊኖረው ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ አንዱ ትልቅ መኪና አንድ ቶን በሚጭን ትንሽ መኪና አሥር ይሆናል፤ አሥር ሾፌር፣ አሥር ማቆሚያ፣ አሥር ጊዜ መጫንና ማውረድ ማለት ነው። መጨናነቁም ወጪውም ይጨምራል። ሞተር ሳይክሉ በበኩሉ አንድ መለዋወጫ ወይም አንድ መድኃኒት ከመርካቶ ሳሪስ የሚያደርስበት ርካሽ መንገድ ነበር። እሱ ሲቀር ያቺ ትንሽ ዕቃ በመኪና መሄድ ጀመረች። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ትልቁም ትንሹም ተከልክሎ ሁሉም ነገር ወደ መካከለኛው መኪና ተገፋ።

ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለት አዲስ ነገሮች መጥተዋል። በዚያው ዓመት ጥር ወር መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በኮሪደር ልማቱም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠሩ። ልማቱ ከቤታቸው ስለተነሡት ሰዎች የሚነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና እዚህ አልገባበትም። ስለ መንገዱ ግን ሁለት ነገር መናገር ይቻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ዶላርም ያድናል፤ ነገር ግን የሚይዘው ቦታ የቤንዚኑን ያህል ነውና ለመጨናነቁ መድኃኒት አይሆንም። የብስክሌት መንገዱ ደግሞ ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ውድ ጌጥ ነው፤ ዳቦ፣ እንቁላልና መለዋወጫ የሚጭን ብስክሌት ሲሄድበት ግን መሠረተ ልማት ይሆናል።

በእኔ እምነት

ምሁራኖቻችን ስለ አዲስ አበባ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንነሣው ከቦሌ እስከ ሆቴላችን በፈጀብን ሰዓት ነው። የከተማዋ ጤንነት መለኪያ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ ከእህል በረንዳ እስከ ጎተራ ወይም እስከ ኮተቤ ለመድረስ የሚፈጅበት ወጪ ቢሆን ይሻላል። ያ ወጪ የሚያርፈው መኪና በሌለው ሰው ምሳ ላይ ነውና።

ከዚህ በመነሣት የምለው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም አዲስ መጓጓዣ ሲመጣ ከመፍቀድም ከመከልከልም በፊት የሚተካው ምንን እንደሆነ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ በየገበያው አጠገብ የማራገፊያ ቦታ ተለክቶ ይከለል፤ የሚጠብቀውም ሰው ይኑር። ሦስተኛ፣ ሞተርና ባጃጅ በወንጀል ከተጠረጠሩ ሰሌዳና ምዝገባ ይጥበቅባቸው፤ ጥፋተኛው ተለይቶ ይጠየቅ እንጂ እንጀራ ፈላጊው ሁሉ አብሮ አይታገድ። አራተኛ፣ የሌሊት ጭነት ከተፈለገ ነጋዴውና ተሸካሚው አስቀድመው ይማከሩበት።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ ማራገፊያ ላይ አልቆምኩም። ሁለት ብሎክ ርቄ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ጥሪው ለሌላ ሰው ይሄድብኛል። ያን ወጣት አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ቫኑን በቦታው አቁሞ ካርቶኑን በትከሻው ይዞ ሲሮጥ እጁን ያነሣልኛል።

ቸር ያሰማን።